በካሬ ወረቀት ላይ የሚሠራ የሒሳብ መኪና

በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተር ያልገባበት ሥራ እየጠፋ ሄዷል። ባንክ ገንዘብ ሲቆጥር፣ አውሮፕላን መንገዱን ሲይዝ፣ ወላጆቻችን በስልክ ሲነጋገሩ፣ በመካከሉ አንዲት የሒሳብ መኪና ሥራዋን ትሠራለች። ነገር ግን ይህች መኪና እንዴት አድርጋ እንደምትቆጥር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን ለመሐንዲሶች ብቻ የተገለጠ ምሥጢር አድርገን እንተወዋለን። መኪናዪቱን እንገዛታለን፣ እንነካካታለን፣ ስትበላሽም እንጥላታለን፤ ውስጧን ግን አናውቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ ምሥጢር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ለዚህም ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና ጥቂት ትዕግሥት ከተገኘ ይበቃል። በወረቀቱ ላይ ሽቦ እንሥላለን፤ በሽቦውም ላይ ምልክት እናስኬዳለን። ምልክቶቹ በተገናኙበት ቦታ ሥዕሉ ራሱ ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱም ሲጠራቀም ሒሳብ ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን በተራ እንመልከተው።

ሁለት ምልክትና ሦስት ቃል

የሒሳብ መኪና የምታውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «አለ» እና «የለም» ነው። በሽቦው ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ካለ 1 እንለዋለን፤ ከሌለ 0 እንለዋለን። በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ማናቸውንም ቁጥር ለመጻፍ ይቻላል። አንድ «1»፣ ሁለት «10»፣ ሦስት «11»፣ አራት «100» ተብሎ ይጻፋል።

ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ሥራው የሚሠራው በሦስት ቃላት ነው፤ እነርሱም «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» ናቸው። ጆርጅ ቡል የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ1854 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ እነዚህ ቃላት እንደ መደመርና እንደ ማባዛት በሒሳብ ሕግ ሊሠራባቸው እንደሚቻል አስረዳ። ከ83 ዓመት በኋላ በ1937 ክሎድ ሻነን የተባለ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለማስተርስ ዲግሪ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የቡልን ሕግ ከኤሌክትሪክ ማብሪያዎች ጋር አጋባው።

የሻነን ሐሳብ በቤታችን አምፖል ሊገለጽ ይችላል። በአንድ ሽቦ ላይ ሁለት ማብሪያዎች ተከታትለው ቢገጠሙ፣ አምፖሉ የሚበራው አንደኛውም ሁለተኛውም ሲበሩ ነው፤ ይህ «እና» ነው። ማብሪያዎቹ ጎን ለጎን በሁለት መንገድ ቢገጠሙ ግን ከሁለቱ አንዱ ቢበራ ይበቃል፤ ይህ «ወይም» ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚሰጥ የሽቦ ክፍል በባለሙያዎች ዘንድ ሎጂክ ጌት ይባላል፤ እኛ «በር» እንለዋለን። የዛሬ ኮምፒዩተር በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ እንደነዚህ ያሉ በሮች ተያይዘው የቆሙባት ከተማ ናት።

የሞተ ሥዕልና የሚሠራ ሥዕል

መሐንዲስ የኤሌክትሪክ መስመርን በወረቀት ላይ ሲነድፍ ሥዕሉ ስለ መኪናው ይናገራል እንጂ ራሱ አይሠራም። የቤት ፕላን ዝናብ እንደማያስጠልል ሁሉ የመኪና ፕላንም አይደምርም አይቀንስም። ሥዕሉ የተሣለው በካሬዎች ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በስልክና በኮምፒዩተር መስታወት ላይ የምናየው ሥዕል ሁሉ የጥቃቅን ካሬዎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ይባላል፤ በአንድ ጊዜም አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል። ሸማኔ ክር እየቆጠረ ጥለቱን እንደሚያወጣ፣ ይህም ሥዕል ካሬ በካሬ ተቆጥሮ የተሞላ ነው። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ካሬ «ጎረቤቶችህ እንዲህ ቢሆኑ አንተም እንዲህ ሁን» የሚል ሕግ ብንሰጠው፣ ሥዕሉ ከእርምጃ ወደ እርምጃ መለወጥ ይጀምራል። ይህን ሐሳብ በ1940ዎቹ ዓመታት የጀመሩት ጆን ፎን ኖይማንና ስታኒስላው ኡላም የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው።

በ1987 ደግሞ ብራያን ሲልቨርማን «ዋየርወርልድ»፣ ማለትም «የሽቦ ዓለም»፣ የሚባለውን ሕግ አወጣ። በ1990 ኤ. ኬ. ድዩድኒ ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ጻፈበት በብዙ አንባቢዎች ዘንድ ታወቀ። በሽቦ ዓለም ውስጥ አራት ዓይነት ካሬ ብቻ አለ። ባዶውን በነጥብ እናመለክታለን፤ ሽቦውን «ሽ» እንለዋለን፤ የምልክቱን ራስ «ራ»፣ የምልክቱን ጅራት ደግሞ «ጅ» እንለዋለን። ሕጉም የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ባዶ ካሬ ምን ጊዜም ባዶ ሆኖ ይኖራል።
2ኛ፤ ራስ የነበረ ካሬ በሚቀጥለው እርምጃ ጅራት ይሆናል።
3ኛ፤ ጅራት የነበረ ካሬ ተመልሶ ሽቦ ይሆናል።
4ኛ፤ ሽቦ የሆነ ካሬ በዙሪያው ካሉት 8 ጎረቤቶች መካከል 1 ወይም 2 ራስ ካገኘ እርሱም ራስ ይሆናል፤ አንድም ራስ ካላገኘ፣ ወይም 3ና ከዚያ በላይ ካገኘ፣ ሽቦ ሆኖ ይቀራል።

ጎረቤት ስንል በላይና በታች፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ብቻ ሳይሆን በማዕዘን የሚነኩትንም ጭምር ነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ካሬዎቹ ሁሉ የሚለወጡት በአንድ ጊዜ ነው። ደወል ሲደወል ተማሪዎች ሁሉ አብረው ከመቀመጫቸው እንደሚነሡ ማለት ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ስንሠራ አሮጌውን ሥዕል እየተመለከትን አዲሱን በጎኑ እንሥላለን እንጂ አሮጌውን እየፋቅን መሄድ አይገባንም። ግማሹ ተለውጦ ግማሹ ሳይለወጥ ከተቆጠረ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

አሁን አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ሥለን ምልክት እንላክበት።

መጀመሪያ፦ ሽ ጅ ራ ሽ ሽ ሽ ሽ
1ኛ እርምጃ፦ ሽ ሽ ጅ ራ ሽ ሽ ሽ
2ኛ እርምጃ፦ ሽ ሽ ሽ ጅ ራ ሽ ሽ
3ኛ እርምጃ፦ ሽ ሽ ሽ ሽ ጅ ራ ሽ

ምልክቱ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ሄደ። ከራሱ ፊት ያለው ሽቦ አንድ ራስ ስላገኘ ራስ ሆነ። ከኋላ ያለው ካሬ ግን ጅራት ስለሆነ በ3ኛው ሕግ መሠረት ሽቦ ከመሆን በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ጅራት ማለት ከኋላ የሚዘጋ መዝጊያ ነው። ጅራት የሌለው ራስ ብቻውን በሽቦ መካከል ቢቀመጥ ሁለት ሆኖ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሄዳል፤ ይህን አንባቢ በእርሳሱ ሊፈትነው ይችላል።

ከዚህ የምንማረው ሌላ ቁም ነገር በሽቦ ዓለም ርዝመት ማለት ጊዜ ማለት መሆኑን ነው። 10 ካሬ የሆነ ሽቦ ምልክቱን ከ7 ካሬ ሽቦ በ3 እርምጃ ያዘገየዋል። ሁለት ምልክቶች በአንድ ጊዜ እንዲደርሱ ከፈለግን አጭሩን ሽቦ አጠማዘን ማርዘም አለብን።

ሦስት ሲሆኑ ዝም የሚል በር

እስካሁን ያየነው መልእክተኛን ነው እንጂ ዳኛን አይደለም። ዳኛውን ለማግኘት ሁለት ሽቦዎች መገናኘት አለባቸው። መጀመሪያ «ወይም» የተባለውን በር እንሣል።

ሽ ሽ ሽ ሽ . . . .
. . . . ሽ . . .
. . . ሽ ሽ ሽ ሽ ሽ
. . . . ሽ . . .
ሽ ሽ ሽ ሽ . . . .

ከላይና ከታች በግራ በኩል የሚገቡት ሁለት ሽቦዎች መግቢያዎች ናቸው፤ በመካከለኛው ረድፍ ወደ ቀኝ የሚሄደው መውጫ ነው። በላይኛው ሽቦ ብቻ ምልክት ቢመጣ፣ ራሱ በ2ኛው ረድፍ ካለችው ካሬ ይደርሳል። በሚቀጥለው እርምጃ ከእርስዋ በታች ያሉት ሦስት ካሬዎች በአንድነት ራስ ይሆናሉ። ከዚያም በቀኝ ያለው ካሬ አንድ ራስ ብቻ ስለሚነካው ምልክቱን ተቀብሎ ወደ መውጫው ያሳልፋል። በታች በኩል ያለችው የሁለተኛው መግቢያ ካሬ ግን ሦስቱም ራሶች ስለሚነኳት በ4ኛው ሕግ መሠረት ዝም ትላለች። ስለዚህ ምልክቱ ወደ ጎረቤቱ መግቢያ ተመልሶ አይገባም። ሁለቱም ምልክቶች አብረው ቢመጡ ደግሞ ሦስቱ የመካከል ካሬዎች እያንዳንዳቸው 2 ራስ ስለሚያገኙ እንደ ፊተኛው ይነሣሉ፤ በመውጫውም አንድ ምልክት ይወጣል። አንዱ ቢመጣ፣ ሌላው ቢመጣ፣ ወይም ሁለቱም ቢመጡ፣ መልሱ «አለ» ነው፤ ማንም ካልመጣ «የለም» ነው።

ሁለተኛው በር ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። እርሱም «ከሁለቱ አንዱ ብቻ» የሚለውን ፍርድ የሚሰጥ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከመጡ ይከለክላል።

ሽ ሽ ሽ ሽ . . . . . .
. . . . ሽ . . . . .
. . . ሽ ሽ ሽ ሽ . . .
. . . ሽ . . ሽ ሽ ሽ ሽ
. . . ሽ ሽ ሽ ሽ . . .
. . . . ሽ . . . . .
ሽ ሽ ሽ ሽ . . . . . .

እዚህ ላይ በመካከል አንድ የተዘጋ አጥር አለ። በላይኛው ሽቦ ብቻ ምልክት ቢመጣ፣ በአጥሩ ላይኛ ረድፍ በግራ በኩል ያሉት ሦስት ካሬዎች ራስ ይሆናሉ። በሚቀጥለው እርምጃ በአጥሩ ቀኝ ጠርዝ ሁለት ራሶች ይነሣሉ፤ አንዱ በላይኛው ማዕዘን፣ አንዱ በመካከለኛው ረድፍ። የመውጫው የመጀመሪያ ካሬ እነዚህን ሁለት ራሶች ስለሚያገኝ ይቀበላል፤ ምልክቱም ይወጣል። ወደ ታችኛው መግቢያ ለመመለስ የሞከረውን ምልክት ደግሞ እንደ ፊተኛው በር ሦስት ራሶች ያግዱታል።

ሁለቱ ምልክቶች አብረው ቢመጡስ? ያን ጊዜ በአጥሩ ቀኝ ጠርዝ የሚነሡት ራሶች ሦስት ይሆናሉ፤ አንዱ በላይኛው ማዕዘን፣ አንዱ በመካከል፣ አንዱ በታችኛው ማዕዘን። የመውጫው ካሬ ሦስቱንም ስለሚነካ ዝም ይላል፤ በውስጥ ያሉትም ምልክቶች እዚያው ይጠፋሉ። እንግዲህ ሥዕሉን ዳኛ ያደረገው ይህ እምቢታ ነው። 4ኛው ሕግ «ራስ ካለ ሁልጊዜ ተቀበል» ብቻ ቢል ኖሮ ምልክቶች በየአቅጣጫው ከመፍሰስ በቀር ምንም አይሠሩም ነበር። «ሦስት ከሆኑ አልቀበልም» የምትለው አንዲት ቃል ስለተጨመረች ወረቀቱ አንዱን ከሌላው መለየት ቻለ።

ከቀለበት እስከ መደመር

አሁን «አይደለም» የሚለው ቀርቶናል። ይህ በር ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ፤ ምንም ሳይመጣለት ምልክት ማውጣት አለበት። ምልክቱን ከየት ያመጣል? ከሰዓት ነው። የሽቦ ዓለም ሰዓት እንደሚከተለው ያለ ቀለበት ነው።

. ጅ ራ . . . .
ሽ . . ሽ ሽ ሽ ሽ
. ሽ ሽ . . . .

ቀለበቱ 6 ካሬዎች አሉት። ምልክቱ በውስጡ ሲዞር፣ በቀኝ ካለችው ካሬ በደረሰ ቁጥር ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ዙሩን ይቀጥላል፣ ሌላው በሽቦው ይወጣል። ስለዚህ በየ6 እርምጃው አንድ ምልክት ሳያቋርጥ ይወጣል። የኮምፒዩተር ልብ ምት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ሥራዋ ሁሉ በሰዓቷ ምት ይመራል። ደግሞም ይህች ቀለበት ማስታወስ ትችላለች ለማለት ይቻላል፤ ምልክት ካለባት 1ን፣ ከሌለባት 0ን ይዛ ትቆያለችና።

የሰዓቱን ሽቦ ወደ «አንዱ ብቻ» በር በአንደኛው መግቢያ ብናስገባው፣ ሁለተኛው መግቢያ የምንጠይቀው ይሆናል። በምቱ ሰዓት ምልክት ካልመጣ የሰዓቱ ምልክት ብቻውን ስለሆነ ይወጣል፤ ከመጣ ግን ሁለት ስለሚሆኑ ይከለከላል። እነሆ «አይደለም» ተገኘ፤ የለም ሲባል አለ ይላል፣ አለ ሲባል የለም ይላል።

«ወይም» እና «አይደለም» ከተገኙ «እና» ከእነርሱ ይወለዳል። ለምሳሌ «ተማሪው ሒሳብንም እንግሊዝኛንም አልፏል» ማለት፣ «ሒሳብን አላለፈም ወይም እንግሊዝኛን አላለፈም» የሚለው ነገር እውነት አይደለም ማለት ነው። በሽቦም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱን መግቢያዎች በ«አይደለም» አሳልፈን፣ በ«ወይም» አገናኝተን፣ መውጫውን እንደ ገና በ«አይደለም» ብናሳልፈው «እና» ይሆናል።

አሁን እንደምር። በሁለት ምልክት አጻጻፍ 0 ሲደመር 0 «00» ነው፤ 0 ሲደመር 1፣ ወይም 1 ሲደመር 0 «01» ነው፤ 1 ሲደመር 1 «10» ነው። በቀኝ ያለውን አኃዝ ብንመለከት 1 የሚሆነው ከሁለቱ አንዱ ብቻ 1 ሲሆን ነው፤ ይህ ቀደም ብለን የሣልነው «አንዱ ብቻ» በር ነው። በግራ ያለው፣ ስንደምር «አንድ ያዝ» የምንለው፣ 1 የሚሆነው ሁለቱም 1 ሲሆኑ ነው፤ ይህ «እና» ነው። ስለዚህ ሁለት በሮች ብቻ ጎን ለጎን ሆነው መደመርን ጀመሩ። ተመሳሳይ ክፍሎች ሲከታተሉ ረጅም ቁጥሮችን ይደምራሉ፤ መቀነስም ማባዛትም ከዚህ ይከተላሉ።

አስተዋይ አንባቢ «ሽቦዎች በወረቀት ላይ ሲተላለፉ ምልክታቸው አይቀላቀልም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በእርግጥ ይቀላቀላል። መፍትሔውም «አንዱ ብቻ» በር ራሱ ነው፤ ሦስት እንደዚህ ያሉ በሮችን በብልሃት በማያያዝ ሁለት ምልክቶች ሳይጠፋፉ ተሻግረው በየመንገዳቸው እንዲሄዱ ይደረጋል። በዚህ ዓይነት ምንም የጎደለ ስለሌለ፣ ዴቪድ ሙርና ማርክ ኦወን ከሌሎች ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በሽቦ ዓለም ውስጥ ሙሉ ኮምፒዩተር ሥለዋል። ያ ሥዕል ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉትን ቁጥሮች፣ ማለትም 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ እየፈለገ ያወጣል። አራቱ ሕጎች ግን እኛ በደብተራችን የጻፍናቸው ያው አራቱ ናቸው።

ሥዕልን እንደ ጽሑፍ ማንበብ

ካሬ በካሬ መቁጠር ለእጅ ከባድ ነው፤ ለኮምፒዩተርም ቀላል አይደለም። በአግድም 1000፣ በቁመትም 1000 ካሬ ያለው ሥዕል 1,000,000 ካሬዎች አሉት። እያንዳንዱ 8 ጎረቤቶቹን ከተመለከተ ለአንድ እርምጃ ብቻ 8,000,000 ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ።

በዚህ በሁለተኛው መንገድ ፕሮግራሙ ሥዕሉን አስቀድሞ ያነበዋል። የሽቦ ቀለም ያለውን አንድ ካሬ ይይዝና የሚነኩትን፣ እነርሱም የሚነኳቸውን ተመሳሳይ ካሬዎች እስኪያልቁ ድረስ ይከተላል፤ ያን ሁሉ «1ኛ ሽቦ» ብሎ ይሰይማል። ከዚያ ወደ ሌላው ያልተነካ ካሬ ሄዶ «2ኛ ሽቦ» ይላል። ቀጥሎ በሮች እንዲሆኑ አስቀድሞ ስምምነት የተደረገባቸውን ትናንሽ ቅርጾች ይፈልጋል። በመጨረሻም «ይህ በር ከ3ኛና ከ5ኛ ሽቦ ተቀብሎ ለ8ኛ ይሰጣል» የሚል ዝርዝር ያወጣል። ከዚህ በኋላ ሥዕሉ አያስፈልገውም፤ ዝርዝሩን ብቻ እያሰላ ይሄዳል።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት በመስኖ ሊመሰል ይችላል። የመጀመሪያው በቦዩ ውስጥ የምትሄደውን እያንዳንዷን ጠብታ ይከታተላል፤ ሁለተኛው «ይህ ቦይ ለዚያ አትክልት ይደርሳል» ብሎ ይበቃዋል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሽቦው ርዝመት የሚፈጥረውን መዘግየት አያውቅም። መዘግየት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ዋናው ነገር ነው። ለምሳሌ የ«አይደለም» በር መውጫ ወደ ራሱ መግቢያ ቢመለስ፣ 0 ከሆነ 1 ነው ይላል፤ 1 ከሆነ 0 ነው ይላል፤ እንዲህ ሲል ማለቂያ የለውም። በሩ መልስ ለመስጠት አንድ እርምጃ ይፈጅበታል ካልተባለ በቀር ፕሮግራሙ መልስ አያገኝለትም፤ እርምጃው ከተሰጠው ግን ያ የማይረጋ በር ሰዓት ይሆናል።

ከቺፕ ተመልሶ ወደ ሥዕል

ይህ ነገር ጨዋታ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ የሚከተለው ታሪክ አሳቡን ያስለውጠዋል። በ1975 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 6502 የሚባለውን ቺፕ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ከጥፍር በምታንስ የሲሊኮን ቁራጭ ላይ ወደ 3,500 የሚሆኑ ትራንዚስተሮች ነበሩበት፤ ትራንዚስተር ማለት በጣት ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚነካ ማብሪያ ነው። በ1977 የወጣው አፕል 2 የተባለው ኮምፒዩተር የሚያስበው በዚህ ቺፕ ነበር።

የቺፕ ዕድሜ እንደ ሰው ዕድሜ የተወሰነ ነው። ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠሪዎቹ ያረጃሉ፣ ፕላኑም በየመሳቢያው ይቀራል። ቺፑ ራሱ ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ብልሃት አብሮት ይሄዳል። ይህን በማሰብ ግሬግ ጄምስ፣ ባሪ ሲልቨርማንና ብራያን ሲልቨርማን የ6502ን ሽፋን ገፈው ውስጡን በጣም ጥርት ባለ ፎቶግራፍ አነሡት። ብራያን ሲልቨርማንም የሽቦ ዓለምን ሕግ ያወጣው ያው ሰው ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን የሽቦና የትራንዚስተር ቅርጾች አንድ በአንድ ተከትለው ነደፏቸው፤ ቅርጾቹም ወደ 20,000 ይደርሱ ነበር። ከዚያ የትኛው ቅርጽ የትኛውን እንደሚነካ ፕሮግራሙ አስልቶ የትራንዚስተሮቹን ዝርዝር አወጣ፤ ዝርዝሩም እንደ ቺፑ መሥራት ጀመረ። በ2010 ሥራቸው ለሕዝብ ቀረበ፤ ማንም ሰው በሽቦዎቹ ላይ ምልክቱ ሲያልፍ በመስታወቱ ላይ ለማየት ቻለ።

ጸሐፊ ያረጀውን ብራና ገልብጦ ቃሉን ከመጥፋት እንደሚያድን፣ እነዚህም ሰዎች ያረጀውን ቺፕ ገለበጡት። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ የተገለበጠው ብራና አንባቢ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የተገለበጠው ቺፕ ግን ራሱ ይቆጥራል።

እርግጥ ሥዕል ሁሉን ነገር አይዝም። እውነተኛ ሽቦ ይሞቃል፤ ኃይሉ ይደክማል፤ ከጎረቤቱ ሽቦም ሁከት ይቀበላል። በካሬ ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ አዲስ ቺፕ የሚያወጡ መሐንዲሶች አስቀድመው በኮምፒዩተር አስመስለው ይፈትኑታል፤ ከተሠራም በኋላ እውነተኛውን ቺፕ ደግመው ይፈትኑታል። አስመስሎ መሥራት ገንዘብና ጊዜን የሚያድን የመጀመሪያ ፈተና ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች

ከዚህ ሁሉ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ታላቁ ነገር ከትንሹ ሕግ መሠራቱ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ፤ ማንም ሰው ሁሉንም በዓይኑ ሊከተላቸው አይችልም። ነገር ግን አንዱን በር በእርሳስ የተከተለ ተማሪ የቀረው ብዛት እንጂ ምሥጢር አለመሆኑን ያውቃል። ብዛትን ደግሞ ትምህርትና ትዕግሥት ያሸንፉታል። የማያውቁትን ነገር መግዛት ይቻላል፤ መጠገንና ማሻሻል ግን የሚችለው ያወቀው ሰው ብቻ ነው። አገራችንም ከገዢነት አልፋ ወደ ሠሪነት የምትደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ በዕረፍት ጊዜያችሁ ባለ ካሬ ደብተራችሁን ክፈቱና ከላይ የተሣለውን ባለ 6 ካሬ ቀለበት በአራት ቀለም እርሳስ ሣሉት። ከ20 እርምጃ በኋላ ምልክቱ በየትኛው ካሬ እንደሚገኝ ሳትሥሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቀጥሎ እየሣላችሁ መርምሩ። 20 ለ6 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ፣ ራሱ ከ2 እርምጃ በኋላ በሚሆንበት ካሬ፣ ማለትም በታችኛው ረድፍ በቀኝ ባለው ካሬ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ከቀናችሁ «አንዱ ብቻ» በርን ሣሉና በሁለቱም መግቢያዎች ምልክት ልካችሁ በመውጫው ላይ ሦስቱ ራሶች ሲገናኙ ተመልከቱ። ታናናሾቻችሁም ይይዋችሁ፤ ለመቁጠር የሚችል ሕፃን ሁሉ ይህን ሊሠራ ይችላልና።